አቶ አየነው ሦስት ጊዜ ተጠሩ

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ለጉራም ነው፣ ዋናው ግን ማን እንደሚያወራችሁ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ስሜ ከጉድጓድ ተጠራ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ራት በልተህ ነበር?" ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ቢቸና ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ዛሩም ስለ ቡዳውም ያልተነገረኝ የለም፣ አንዱንም አላመንኩም። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር እኔ ከገባሁ ያቆሙታል፣ "ሮማን መጣች፣ ታበላሸዋለች" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አበላሸዋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሌሊት አይደለም፣ በጨለማም አይደለም፣ ቀን በቀን፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ዓይኔን እየወጋችኝ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ጤነኛ ሆኜ ነው። ጠጥታ ይሆናል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ሚሪንዳ ነው የጠጣሁት።

ከቢቸና ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ የድሮ ደብር አለ፣ ስሙን አልናገርም፣ የቢቸና ሰው ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ካልሆናችሁ ምን ያደርግላችኋል። ካህናቱና ምእመኑ አዲስ ሕንፃ ሊሠሩ ተነሡ፣ መሠረቱ የሚወጣው በደቡብ በኩል ካለው አሮጌ መቃብር ላይ ሆነና፣ ዘመዱ እዚያ ያረፈ ሁሉ መጥቶ አፅሙን ያንሣ፣ ባለቤት ያልመጣለት አንድ ላይ ተሰብስቦ በጋራ ጉድጓድ ይገባል ተብሎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር ጀመር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እዚያ የተኙት ባለ ሐውልት ባለ ፎቶ ሰዎች አይደሉም፣ ተራ ቤተሰብ ናቸው፣ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው ያላቸው፣ የትኛው ክምር የማን እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ እነሱም ራሳቸው እዚያው ገብተዋል። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ጎረቤቴ ናቸው፣ አንድ ቀን አጥር ላይ ቆመው "ሮማን፣ አንቺ ኮምፒውተር አለሽ፣ እጅሽም ቀና ነው፣ ዝርዝሩን አንቺ ብትሠሪልን" አሉኝ፣ እኔም አፌ አይያዝም፣ "በሁለት ሳምንት አስረክብዎታለሁ" አልኳቸው።

ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዝርዝር ብቻ ልሠራ ገብቼ ሰዎቹ ያዙኝ፣ እውነቴን ነው፣ አንዱን ስም ስትጠይቁ ቤተሰቡ ሁሉ ይመጣል። ኮርቻ ሠሪው አቶ ፈንታ ነበሩ፣ ከጎረቤት ሁሉ ጋር በአጥር የተካሰሱ፣ ነገር ግን ሰው በሞተ ቁጥር ቃሬዛውን ቀድመው የሚሸከሙ። ጌሾ እየሸጡ የማንም ያልሆኑ ሰባት ልጆች ያሳደጉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ፣ ራሳቸው አንድም አልወለዱም። በአንድ በሬ ተጣልተው እስከ ሞት ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ማን እንዳደረገው አይታወቅም፣ ጎን ለጎን ተቀብረዋል፣ ይህን ስሰማ መቃብሩ መካከል ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ለእያንዳንዱ ክምር በቀለም ቁጥር ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ላፕቶፔ ላይ አስገባሁ፣ ስም፣ ሥራ፣ ልጆች፣ ማን ያውቃቸዋል፣ ሁሉንም። እየኮራሁ ነው የምነግራችሁ፣ እንደ እኔ የሠራው የለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሮጥኩት ግን ለቁጥር አሥራ ሰባት ነው፣ እሱም በእትዬ ይታይሽ ምክንያት። እትዬ ይታይሽ ሞጣ ናቸው ያሉት፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ አዋጁን ከአንድ ቢቸና ከመጣ ነጋዴ ሰምተው ስልኬን አፈላልገው ደወሉልኝ። አባታቸው አቶ አየነው ተመቸ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደው በወባ ሞቱ፣ ያኔ እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ በዓመቱ አብረው የሄዱት ሁለት ጓደኞቻቸው ተመልሰው ሄደው አፅማቸውን አመጡና ቢቸና ተቀበሩ። እናትየው ኋላ ከልጃቸው ጋር ሞጣ ገቡ፣ ጤና እስካላቸው ድረስ በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ ይመጡ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ፣ ሞጣ ተቀበሩ። "እናቴ አደራ ብላኛለች፣ አጠገቧ ላምጣው፣ ምልክቱ አንዲት ወይራ ነበረች፣ ተቆረጠች አሉ፣ የኔ እናት፣ አግኚልኝ፣ ከማንም ጋር ጉድጓድ እንዳይጥሉብኝ" አሉኝ፣ ስልኩ ላይ ድምፃቸው ተቆራረጠ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አልወድም፣ ቶሎ ብዬ "ያለ ጥርጥር አገኛለሁ" አልኩ፣ አገኘሁም፣ የወይራዋን ጉቶ አገኘሁ፣ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ጠይቄ ሦስቱም ያንኑ ክምር አሳዩኝ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው እንዲያነሡ ተቀጣጠርን።

ዐርብ ዕለት ነው እንግዲህ ነገሩ። ዝርዝሬን ከማስረከቤ በፊት ከድሮው የእድር መዝገብ ጋር ላመሳክር አልኩ፣ የአካባቢው እድር ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ ባዬ ናቸው፣ እድሜያቸው ሰማንያ ያልፋል፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው፣ ጆሯቸው ግን ሄዷል፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ካልጮሃችሁ አይሰሙም። መዝገቡ ከቅጽሩ እንዳይወጣ ብለው ምለዋል፣ ስለዚህ ከዕቃ ቤቱ አውጥተው፣ ደቡብ በኩል ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ እርሳሳቸውን በምራቅ አራሱ፣ እኔ ከላፕቶፕ ስም እጠራለሁ፣ እሳቸው መዝገባቸው ላይ ፈልገው ምልክት ያደርጋሉ፣ ሥራው ይኸው ነው። ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ የምናደርገው ነገር ነው፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያያል።

አያችሁ፣ እሳቸው እንዲሰሙ መጮህ ነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ስም ስጠራ የክፍል ልማዴ ነው የሚመጣብኝ፣ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ እንደምጠራው አድርጌ "አቶ ፈንታ አላምረው!" ብዬ ለቀቅኩት። ከዚያ ጸጥ ብዬ ጋሽ ባዬ እስኪያገኙት ጠበቅኩ፣ እሳቸው ምልክት አደረጉ፣ ቀጠልኩ። አምስት ስድስት ስም እንዲህ ሄደ፣ ምንም አላስተዋልኩም፣ አንድ ቦታ ላይ ጠጠር ሲንከባለል ሰምቻለሁ፣ እንሽላሊት ነው ብያለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፣ ጥድ ነው ብያለሁ። ጥድ እኮ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጥላል።

"ወይዘሮ ጥሩነሽ ደሴ!" ስል ግን ከቁጥር ዘጠኝ በኩል ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ እንደሚያደርገው ዓይነት "እህህ" የሚል ነገር መጣ። ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ካብ አጥሩ ማዶ እረፍት የወሰደ ገበሬ ይሆናል ብዬ ላፕቶፑን አስቀምጬ ሄጄ በካቡ ላይ አንገቴን አሳልፌ አየሁ፣ ጤፉ የታጨደ ባዶ ማሳ ነው፣ ድንበሩ ድረስ ሰውም ከብትም የለበትም። ተመለስኩ። ጋሽ ባዬ "ቀጥይ እንጂ" አሉኝ፣ የጥሩነሽ ስም ላይ ምልክታቸውን አድርገው ነበር።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ስም ጥሪ ላይ ማንም አያታልለኝም፣ የቀረ ልጅ ስም ስጠራ ጓደኛው ድምፁን ለውጦ "አቤት" ቢል ከየትኛው ዴስክ እንደመጣ ሳላይ አውቃለሁ፣ ጆሮዬ ለዚያ የተሠራ ነው። እና ያ ጆሮዬ አሁን አንድ ነገር ይነግረኝ ጀመር፣ ድምፆቹ ዝም ብለው የሚመጡ አይደሉም፣ ከጥሪው በኋላ ነው የሚመጡት፣ ያውም ሰው ስሙን ሰምቶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል ቆይተው። አንዱ የጠጠር፣ አንዱ የቅጠል፣ አንዱ እንደ ማጨብጨብ ያለ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ጋ ስደርስ ደግሞ ሁለት ኳኳታ ተከታትሎ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደሚቀድም ሁሉ እየተጣደፈ።

ፈራሁ እንዳትሉ፣ ተናደድኩ ነው የሚባለው፣ እኔ የማላውቀው ነገር ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። "ቆይ" አልኩ በልቤ፣ "ይሄ ይፈተናል።" ዝም ብዬ ሰዓቴን እያየሁ ሙሉ ሦስት ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ምንም የለም፣ ነፋስ እንኳ የለም፣ ጥዱ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ከራሴ አውጥቼ የሌለ ስም ጠራሁ፣ "አቶ በላቸው ገረመው!" አልኩ፣ ጸጥታ። ጋሽ ባዬ ገጽ አገላበጡና ቀና ብለው "እንዲህ የሚባል አባል የለንም፣ ከየት አመጣሽው?" አሉኝ። "ተሳስቼ ነው" ብዬ የሚቀጥለውን የእውነት ስም ጠራሁ፣ ከቁጥር አሥራ አራት ክምር ላይ አንድ ድንጋይ፣ ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ቀስ ብሎ ተንሸራትቶ ወረደ።

ያኔ ነው ጋሽ ባዬን ያየኋቸው። እኔ ስም ፍለጋ ነው የሚቆዩት ብዬ ነበር፣ ለካ ስሙን ቀድመው አግኝተውታል፣ ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው፣ እርሳሱን አንሥተው፣ ይጠብቃሉ፣ ድምፁ ሲመጣ ነው ምልክቱን የሚያደርጉት። ልብ በሉ፣ እኔ ጆሯቸው ሥር ካልጮህኩ የማይሰሙ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?" አልኳቸው ጮክ ብዬ።

"ሲመልሱ ነዋ።"

"ማን?"

እንደ ቂል አዩኝ፣ "የጠራሻቸው" አሉኝ፣ "በይ ቀጥይ፣ ፀሐይዋ ልትዘቀዝቅ ነው።"

እድር ውስጥ እኮ እንዲህ ነው፣ ቀብር ላይ ጸሐፊው አባላቱን ይጠራል፣ የመጣ "አቤት" ይላል፣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል፣ እሳቸው ይህን አርባ ዓመት ሠርተዋል፣ እጃቸው ለምዶ ነው፣ አርጅተዋል፣ ሕያውና ሙት ተደባልቆባቸዋል ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ጥሩ ምክንያት ነው፣ አሁንም ጥሩ ምክንያት ነው እላለሁ። እናም ቀጠልኩ፣ "አቶ አየነው ተመቸ!"

ምንም።

ጋሽ ባዬ እርሳሳቸውን እንዳነሡ ናቸው። "ድገሚው" አሉ። "አቶ አየነው ተመቸ!" አልኩ፣ ዓይኔ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ነው፣ የወይራዋ ጉቶ ላይ፣ አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስ እየለመንኩ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ከአንድ ሰዓት በፊት ምንም እንዳይሰማ የምፈልግ ሴት፣ አሁን አንዲት ጠጠር ትንከባለልልኝ ብዬ እለምን ነበር፣ የእትዬ ይታይሽ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሦስተኛ ጠራሁ። ጸጥታው ራሱ ከሌላው ጊዜ ይለያል፣ አንድ ሰው አለ ግን እሱ አይደለም የተጠራው፣ እንደዚያ ያለ ዝምታ ነው፣ ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ።

"ቀሪ" አሉ ጋሽ ባዬ፣ ጻፉም።

"ጋሼ! እዚህ አይደል እንዴ የተቀበሩት?"

"መቀበሩንማ እኔም ቆሜ ቀብሬያለሁ።"

"ታዲያ ቀሪ የሚሉት ለምንድን ነው?"

"ልጄ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ" አሉኝ መዝገቡን እየዘጉ፣ "ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ነው የምለው፣ ሌላ ሥራ የለኝም።" የቀሩትን ስሞች ነገ እንጨርሳለን ብዬ፣ ላፕቶፔን አቅፌ፣ ወደ ኋላ ሳላይ ወጣሁ።

ማታ እትዬ ይታይሽ ደወሉ። አቡጀዴ ገዝቻለሁ፣ ሳጥኑንም አሠርቻለሁ፣ ሚኒባስ ኮንትራት ይዣለሁ፣ የእናቴን ጎን አስቆፍሬያለሁ፣ ሁሉን ነገሩኝ፣ ድምፃቸው ሰርግ የሚደግስ ሰው ድምፅ ነበር። "አባቴ ተዘጋጅቷል?" አሉኝ። እኔም "ሁሉም ዝግጁ ነው" አልኩ። ምን ልበላቸው? "አባትዎን ብጠራቸው አልመለሱም" ልበል? እኔ፣ ሮማን? ዝም ብል ደግሞ ሌላ ሰው ወስደው እናታቸው ጎን ሊያስተኙ ነው፣ እኔ ደግሞ ያለ ጥርጥር ብዬ ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ። ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፣ ምንም አልሰማሁም፣ ጠጠር ነው የሰማሁት፣ ጠጠር አለመንከባለሉ ማስረጃ አይሆንም። በሒሳብ ይህ ትክክል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ፣ ቀጭን፣ ጠይም፣ አንገታቸው ላይ የሜትር ገመዳቸውን ሳያወርዱ የመጡ ሴት ናቸው፣ ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ አወቅኩ። አቅፈው ሳሙኝ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፣ ቆፋሪዎቹ ቁጥር አሥራ ሰባትን ከፈቱ፣ አፅሙ ነበር፣ ሙሉ ነው፣ በአቡጀዴው ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፣ እትዬ ይታይሽ አላለቀሱም፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ ሁሉ ጨርቁን በጎን በጎኑ ጠቀጠቁለት። ቅጹ መጣልኝ። "የአቶ አየነው ተመቸን አፅም ለልጃቸው ማስረከቤን አረጋግጣለሁ" ይላል፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። አልቻልኩም። ሳጥኑ በር ላይ ከሚኒባሱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እጃቸውን ይዤ ወደ ካቡ ወሰድኳቸው።

"እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር አለ፣ እባክዎ አይቆጡኝ።"

"ምን ሆንሽ የኔ እናት?"

"እዚያ ያሉት ሰው አባትዎ መሆናቸውን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፣ ይገባኝም ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ፣ የያዝኩትን እጃቸውን ገልብጠው እሳቸው ያዙኝ፣ አጥብቀው። "ማነው የነገረሽ?" አሉ በሹክሹክታ።

"ማንም አልነገረኝም።"

"ጋሽ ባዬ ናቸው?"

"ጋሽ ባዬማ ቆሜ ቀብሬያለሁ ነው የሚሉት።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው? ይህን ነገር ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፣ እናቴም ሄዳለች።" ከዚያ ካቡ ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። አፅሙን ካመጡት ከሁለቱ ጓደኞች አንደኛው ቀድሞ ሞቷል፣ ሁለተኛው ሊሞት ሲል እናታቸውን አስጠርቶ ተናዘዘ፣ ሁመራ በወባ ያለቁት ሰዎች ማሳው ዳር በተርታ ነበር የተቀበሩት፣ ምልክት የለ፣ በዓመቱ ሲሄዱ ዝናብ ሁሉን አመሳስሎታል፣ የትኛው አየነው እንደሆነ ማወቅ አቃታቸው፣ ባዶ እጃቸውን ሚስቱ ፊት መቆም አፈሩና አንዱን አውጥተው አመጡ። "እናቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ለማንም አልተናገረችም፣ በሚቀጥለው ሙት ዓመት ጧፏን ይዛ እንደ ሁልጊዜው መጣች። ለእኔም የነገረችኝ ልታርፍ ስትል ነው። 'ይታይሽ' አለችኝ፣ 'ከአባትሽ ጋር የኖርኩት ሰባት ዓመት ነው፣ ለዚህ ሰውዬ ያለቀስኩለት ግን ከአርባ ዓመት በላይ ነው፣ እናቱ ትሁን ሚስቱ የት እንዳለ አታውቅም፣ ከእኔ ሌላ ማን አለው? አጠገቤ አምጪው።' እንዲህ ነው ያለችኝ።"

እኔ አልቅሼ የማላውቅ ሰው እዚያ ካብ ላይ አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም፣ "አሁን ንገሪኝ፣ እንዴት አወቅሽ?" አሉኝ። ምን ልዋሽ፣ ነገርኳቸው፣ ስሙን ጠራሁ፣ ሌሎቹ፣ እንግዲህ፣ የሆነ ነገር ይሰማ ነበር፣ አባትዎን ስጠራ ግን ሦስት ጊዜም ዝም አሉ። ይስቁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ውይ" አሉ፣ "ያን ሁሉ ዓመት በአባቴ ስም ስንጠራው፣ በአባቴ ስም ተስካሩን ስናወጣለት፣ ለሌላ ሰው እየመሰለው ዝም ብሎ ተኝቶ ኖሯል።"

ተነሡና ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ጋሽ ባዬ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ጋ ቆመዋል፣ እኔ ከኋላቸው ነኝ። እትዬ ይታይሽ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው "የሰው ልጅ፣ ይቅር በለን፣ ማን ልበልህ?" አሉት። አሁን አንድ ነገር ይመጣል፣ አሁን፣ አሁን ስል፣ ያ የእርጎ ዝንብ ሹፌር "ኧረ እንሂድ፣ መሸብን!" ብሎ ክላክሱን ለቀቀው፣ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት እኮ ነው! ዞሬ በዓይኔ ልበላው ደረስኩ። መለስ ስል እትዬ ይታይሽ ጆሯቸውን ክዳኑ ላይ እንዳደረጉ ናቸው፣ ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰው መልእክት ነግሯችሁ "እሺ" እንደምትሉት። ጋሽ ባዬም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ክላክስ ብቻ ነው የሰማሁት።

ቅጹ ላይ የአቶ አየነውን ስም ሰርዤ ፈረምኩላቸውና ሄዱ። ሰኞ ባለቤት ያልመጣላቸው ይነሣሉ ተብሎ ነበር፣ ሰብሳቢው ዝርዝሩን ይዤ እንድገኝ ላኩብኝ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ዝርዝሩን በሰው ሰደድኩ፣ አላመመኝም። ግን አስቡት፣ የአቶ አየነው ዝምታ እውነት ከሆነ፣ የእነ አቶ ፈንታ መልስ ምን ነበር? ወይዘሮ ጥሩነሽ ባለቤት አልመጣላቸውም፣ ያሳደጓቸው ልጆች የት እንዳሉ አላገኘሁም፣ እኔ እንደ ተማሪ ጠርቻቸው "አለሁ" ያሉኝን ሴትዮ ከሁሉ ጋር ጉድጓድ ሲያስገቧቸው ቆሜ ማየት አልፈለግኩም።

በሳምንቱ እትዬ ይታይሽ ደወሉልኝ። ቀበርነው፣ እናቴ ጎን ነው፣ ሰዉ ሁሉ ወጣልኝ፣ ድንጋይም አስቀረጽኩለት አሉ፣ ድምፃቸው ያረፈ ሰው ድምፅ ነበር። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ምን አስጠየቀኝ፣ "ድንጋዩ ላይ አየነው ብለው ነው ያስጻፉት?" አልኩ።

"አይ፣ አሁንማ እንዴት ብዬ።"

"ታዲያ ማን ብለው?"

"የነገረኝን ነዋ" አሉኝ፣ ደንበኛ መጣብኝ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ዝርዝር ሙሉ ነው፣ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ብቻ ስም የለም። ሞጣ ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት ሚኒባስ ብይዝ ድንጋዩን አንብቤ ከሰዓት ቤቴ እገባለሁ፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም፣ ሄዶ ማንበብ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ።